ውሃ ያሰርኩበት ቀበቶ

ሽንፋ መጥታችሁ "ሾፌሩ ሰይድ" ብትሉ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም። ይህ ነገር ሲደርስብኝ ደግሞ ከዛሬው ይልቅ የታወቅሁ ነበርኩ፤ የታወቅሁት ግን በአፌ ነው። ከሸሕዲ ሽንፋ፣ አንዳንዴም እስከ መተማ ዮሐንስ፣ በፒካፕ ሰውና ዕቃ እጭናለሁ። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ እል ነበር። ሽማግሌ ሲመክረኝ እስቃለሁ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመኝ እቀልዳለሁ። በዚያ ላይ ቁጡ ነኝ፤ እሱስ ዛሬም አለቀቀኝም።

ፒካፑን የገዛችልኝ ታላቅ እህቴ ዘሃራ ናት። ካርቱም ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ፣ ለራሷ ሳትለብስ፣ ለእኔ መኪና ገዛችልኝ። "ሰው ሁንበት፣ እናታችንን ጡርበት" ብቻ ነው ያለችኝ በስልክ። እኔ እታለም ነው የምላት። እናታችን ከእኔ ጋር ሽንፋ ትኖራለች፤ ያን ሁሉ ዓመት የልጇን ድምፅ እንጂ ፊቷን አላየችም።

አሁን ስለ ውሃው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው። በእኛ ቆላ በሚያዝያ ወር ውሃ ሳይዝ መንገድ የሚወጣ ሾፌር እብድ ነው። ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልለን እንሰፋዋለን፣ ጆንያውን እናረጥበዋለን፣ ከዚያ ከኋላው የዕቃ መጫኛ፣ ከካሶኒው ጎን በውጭ በኩል እናንጠለጥለዋለን። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ስትጠጡት ከፍሪጅ የወጣ ነው የሚመስላችሁ። ችግሩ ገመዱ ነው። ፀሐይና እርጥበት ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል፣ አስፋልት ያልነካው ፒስታ ላይ ሲንገጫገጭ ይበጠሳል። አንድ ቀን ሙሉ ጀሪካን ፈሶብኝ እየተሳደብኩ ጋቢና ስገባ፣ በተሳፋሪው በኩል ሥራ ፈትቶ የተንጠለጠለውን የደህንነት ቀበቶ አየሁት። ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይበሰብስም። ቢላዬን አወጣሁና ከላይም ከታችም ቆረጥኩት። ጀሪካኑን በእሱ ጥፍንግ አድርጌ አሰርኩት።

ከዚያ በኋላ ውሃዬ ወድቆ አያውቅም። ሌሎች ሾፌሮች አይተው ጭንቅላት አለህ አሉኝ፤ ሁለቱ እንዲያውም ያንኑ ቀን የየራሳቸውን ቆረጡ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ይህንንም ጻፉልኝ። በእኛ ዘንድ ቀበቶ የአስፋልት ሰው ነገር ነው። መኪና ሲገለበጥ ዘሎ መውጣት ነው እንጂ ታስሮ መሞት ምን ይሉታል እንል ነበር። ዘሎ የወጣ ሰው ግን በዓይኔ አላየሁም፤ ተወርውሮ የወጣ ነው ያየሁት።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ የእታለም ስልክ ጠፋ። ወር ሆነ፣ ሁለት ወር ሆነ፣ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። እናቴ ሰውነቷ አለቀ። እኔም መተማ ዮሐንስ በሄድኩ ቁጥር የሱዳን ድንበር ድልድይ አጠገብ ቆሜ የሚሻገረውን ሰው ፊት ፊቱን እያየሁ እመለሳለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

"ሰይድ፣ ገላባት ነኝ" አለች። ገላባት ከድልድዩ ማዶ ያለው የሱዳን ከተማ ነው። "በሕይወት አለሁ። ና ውሰደኝ።"

እናቴ እልል ለማለት ድምፅ አጣች። ጎረቤት ጠርታ ፍየል ይታረድ ስትል እኔ ሞተር አስነስቼ ነበር።

ድልድዩ ጥግ ሳገኛት መጀመሪያ አላወቅኋትም። ያቺ ደልዳላ ሴት አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ጥቁር ጣርሃ፣ ማለትም የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ሻሽ ለብሳ፣ አንዲት ፌስታል ይዛ ቆማለች። ያን ሁሉ ዓመት ሠርታ የተረፋት ያቺ ፌስታል ናት። ተቃቅፈን አለቀስን። ኋላ ግን ጢሜን ጎተት አድርጋ መሸምገሌን ነገረችኝና ሁለታችንም ሳቅን። ከቦምቡ፣ ከሽፍታው፣ ከረሃቡ ሁሉ አላህ አውጥቶ እጄ ላይ ጣላት። አደራ ማለት ይህ ነበር።

ጋቢና ገብታ እንደተቀመጠች እጇ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ሄደና አየር ዳበሰ።

"ሂዛሙ የታለ?" አለችኝ።

"የምን ሂዛም?"

"ቀበቶው ነዋ። የአሠሪዎቼን ልጆች ትምህርት ቤት ሳመላልስ፣ ሳናስር መኪናው አይነሳም ነበር። እጄ ለምዶት ነው።"

ቀበቶሽ ውሃ እየጠበቀ ነው ብዬ በመስኮቱ ጀሪካኑን አሳየኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። መኪናው ሲገዛ ቀበቶ ነበረው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ነበረው አልኳት። ታዲያ ለምን ቆረጥከው ስትለኝ ደሜ ፈላ። ሰው በሰላም መጣች ብሎ ሲደሰት ምን ያለ ጥያቄ ነው?

"እታለም፣ ከጦርነት መሀል ወጥተሽ የሽንፋን መንገድ ፈራሽ?" አልኳት።

ፌስታሏን ጭኗ ላይ አስተካክላ ወደ መንገዱ ዞረች። እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ሸሕዲ መግቢያ ኬላው ላይ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። ከሩቅ አየሁትና የኔን ቀበቶ ሳብ አድርጌ ቆለፍኩ። ለእሷ ደግሞ ሁሌ ለሴት ተሳፋሪዎች የማስተምረውን ዘዴ አስተማርኳት፤ ጣርሃሽን ከትከሻሽ ወደ ወገብሽ አግድም አውርጂው፣ ጫፉን ከጭንሽ ሥር ወትፊው፣ ከሩቅ ቀበቶ ነው የሚመስለው። ፊቷ ቅር አለው፤ ግን አደረገችው። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አየን። እህቴ ከሱዳን በደህና ገባችልኝ አልኩት። እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ ብሏት በእጁ አሳለፈን። ያን ጊዜ ቶሎ በዞረልኝ እያልኩ ነበር። ዛሬ ግን እጁን ሰዶ ያንን ጨርቅ ሳብ ቢያደርገው ኖሮ እላለሁ።

እንደ ልማዴ ኬላውን ሳልፍ ቀበቶዬን ልፈታ እጄን ስሰድ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። የት ደረሳችሁ፣ ፍየሉ ተገፏል፣ ሰው ሞልቷል፣ ድምጿን አሰማኝ ትላለች። ስልኩን ለእታለም ሰጠኋትና ሁለቱ ሲያለቅሱ እኔም መሪ ይዤ አነባሁ። ቀበቶዬን ሳልፈታው የቀረሁት በዚህ ነው። ብልህ ሆኜ አይደለም፤ ረስቼው ነው።

ከሸሕዲ ከወጣን በኋላ ኔትወርኩ ጠፋ። ፒስታው ላይ ለቀቅሁት። እናቴ በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው፣ እንዴት ቀስ ብዬ ልንዳ? እታለም ጣርሃዋን መልሳ ተከናንባ፣ በመስኮቱ የከሰለውን የሰሊጥ ማሳ እያየች የልጅነታችንን ነገር ታወራኛለች። አንዴ ቀስ በል አለችኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ አልኳት።

አንድ መታጠፊያ ላይ የፊት ግራ ጎማዬ ፈነዳ። መሪው ከእጄ ወጣ። ፍሬን ስይዝ ጠጠሩ ይዞን ሄደ፤ መኪናው በአፍንጫው መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገባ። የሰማሁት አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ቀበቶው ደረቴን ሊሰነጥቀው ምንም አልቀረው፣ ትንፋሼ ቆመ። አቧራው ገለል ሲል ወደ ቀኝ ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። የፊት መስታወቱ የለም።

ያገኘኋት ከቦይው ማዶ፣ የተቆረጠ የማሽላ አገዳ መሀል ነው። በጀርባዋ ተኝታለች፣ ዓይኗ ተገልጧል፣ ግንባሯ ላይ ደም አለ። ስሟን ጠራሁ። "እሰማሃለሁ" አለች። አልሐምዱሊላህ ብዬ ተደፋሁ። ብብቷን ይዤ ላነሳት ስል ግን በጩኸቷ እጄን ለቀቅሁ። ከዚያ በቀስታ ጠየቀችኝ።

"ሰይድ፣ እግሬን ሸፍንልኝ። ቀሚሴ ተገልጧል መሰለኝ።"

ቀሚሷ አልተገለጠም። ባዶ እግሯን ይዤ "ይኸው ተሸፍኗል፣ ይዤዋለሁ" አልኳት።

"ያዘዋ እንግዲህ" አለችኝ።

ይዤው ነበር። በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤው ነበር።

እንግዲህ ሰዓቱ ወደ አምስት ይጠጋል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትወጣ ነው። ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ወዲያ ወዲህ ሮጥኩ፤ ኔትወርክ የለም። መከር ስላልሆነ ሰሊጥ የሚጭን መኪና የለም፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ በፀጥታው ምክንያት መንገዱ ጭር ብሎ ነው የሚውለው። ትቻት ሮጬ ሰው ልፈልግ? ብቻዋን ብትሞትስ? ልቀመጥ? አጠገቧ ተቀምጬ ስትሞት ልያት? መቶ እርምጃ ያህል ሮጥኩና ተመለስኩ። ደግሞ ሮጥኩና ተመለስኩ። እንዲህ ስል ጉሮሮዬ ደርቆ ምላሴ ተጣበቀ፤ ያን ጊዜ ነው ወደ መኪናው ያየሁት።

ጀሪካኑ ቦታው ላይ ነው። ሞተሩ ተጨፍልቋል፣ ጋቢናው ተጣሟል፣ የእታለም ፌስታል ተበትኗል፤ ውሃው ግን እንዳሰርኩት አለ፣ ጠብታ አልፈሰሰም። ቀበቶው ንቅንቅ አላለም። ወይ ነዶ! ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴን በእጄ መታሁ።

ትንሽ ውሃ ቀድቼ በመዳፌ አፏ ላይ ባደርግላት ትን አላት፣ ሳሉ ደግሞ ጀርባዋን ቆራረጣት። ፈራሁና ተውኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ውሃ ስትለምነኝ እምቢ አልኳት። በሸሚዜ ጥላ ሠርቼላት፣ ዝንብ እያባረርኩ፣ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እያልኩ። መጀመሪያ ትለምነኛለች፣ ኋላ ዓረብኛ ቀላቀለች፣ ኋላ ደግሞ "እማ ፍየሉን አርዳለች?" አለችኝ። ዓይኗ ሲከደን እየጠራሁ አስከፍታታለሁ። እንዳትሞቺብኝ አልኳት። አሁን ሳስታውሰው የሚያናድደኝን ላውጣው፤ ያን ጊዜ እንኳ ከራሴ ይልቅ ጎማውን እረግም ነበር።

ስምንት ሰዓት አካባቢ የትራክተር ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ መንገዱ መሀል ተጋደምኩ። ጋሽ ደረሰ የሚባሉ ከጎጃም መጥተው እኛ አገር ያረጁ የትራክተር ሾፌር ናቸው፤ ባዶ ተሳቢ ይጎትታሉ። ወርደው እታለምን አዩ፣ እግሯን ቆነጠጡ፣ ፊቷን አዩ። በሁለት በኩል ይዘን እንጫናት ስላቸው ደረቴን ገፉኝ።

"እንዳትነካት! አንድ ወንድሜን እንዲህ በብብቱ ይዘን አንስተን ገድለነዋል። እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ነው መሄድ ያለባት። ሳንቃ አምጣ።"

ሳንቃ ከየት ይምጣ? የፒካፑን የኋላ መዝጊያ፣ እኛ ስፖንዳ የምንለውን፣ ነቅለን ከጎኗ አስጠጋነው። ፌስታሏ ውስጥ የነበረውን ልብስ አነጠፍንበትና ራሷን እሳቸው፣ ወገቧን እኔ ይዤ አንድ ላይ አንሸራተትናት። አሁን መታሰር አለባት፤ ተሳቢው ሲነጥር እንዳትወድቅ። እሳቸው ያላቸው ገመድ ቀጭን ሽቦ መሳይ ነው፣ ሥጋ ይቆርጣል አሉ። ዙሪያውን ሲቃኙ ዓይናቸው ጀሪካኑ ላይ አረፈ።

"ያንን ሰፊውን ፍታልኝ" አሉኝ።

ቋጠሮው ጠንክሮ እምቢ አለኝ። በጥርሴ ፈታሁት። ጀሪካኑ መሬት ወድቆ ውሃው ተንዶቀዶቀ፤ እታለም ድምፁን ሰምታ "ውሃ" አለች። ጋሽ ደረሰ ለሆስፒታሉ ሆዷ ባዶ ይሁን ብለው የጣርሃዋን ጫፍ ነክረው ከንፈሯን ብቻ አረጠቡላት። እኔ ቀበቶውን በደረቷ ላይ አግድም አሳልፌ አሰርኩት። ለጭኗ ሌላ ሲያስፈልግ የራሴን ቀበቶ ከጋቢና ቆርጬ አመጣሁ። ራሷ እንዳይንቀሳቀስ በጣርሃዋ ግንባሯን አሰርን። ይኸውላችሁ፣ እህቴ ጠዋት የጠየቀችኝን ቀበቶ ከሰዓት በኋላ አሰርኩላት።

ሸሕዲ እስክንደርስ ትራክተሩ እንደ ኤሊ ሄደ። ተሳቢው ላይ ተንበርክኬ ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ወደ ከተማው ስንቃረብ ጋሽ ደረሰ ኔትወርክ ይዞላቸው ደወሉ። ያው የጠዋቱ ትራፊክ ፖሊስ ሲሰማ ሞተር ብስክሌት ይዞ መንገድ ላይ ጠበቀን። ተሳቢው ላይ ወጥቶ ሲያያት አወቃት።

"ጠዋት እኮ አስራ ነበር" አለኝ።

"ጨርቅ ነው" አልኩት።

ወርዶ ሞተሩን አስነሳ። ፊት ፊታችን እየነዳ መንገድ አስለቀቀልን፣ ሸሕዲ ላይ አምቡላንስ ወደ ጎንደር ይዞን እስኪነሳም ከአጠገባችን አልራቀም።

ጎንደር ላይ ሐኪሙ የጀርባ አጥንቷ ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሯ መጎዳቱን፣ እግሮቿ ከእንግዲህ እንደማይታዘዟት ነገረኝ። ታስራ ባትመጣ ኖሮ እጆቿም ሕይወቷም አይተርፉም ነበር አለ። ከዚያ እኔን ልይህ ብሎ ሸሚዜን አስወለቀኝ። ከግራ ትከሻዬ እስከ ቀኝ ወገቤ የቀበቶው መንገድ ጠቁሮ ወጥቷል። ሌላ አንድም ጭረት የለኝም። ቶሎ ሸሚዜን ለበስኩ፣ እናቴ በመጣች ጊዜም እስከ አንገቴ ቆለፍኩት።

እናቴ ከልጇ ጋር የተገናኘችው እዚያ አልጋ ላይ ነው። ልታቅፋት አልቻለችም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳመቻቸው። ቆይታ፣ ሰው የነገራት ነገር ኖሮ፣ ቀበቶ የሚባለውን አላሰራችሁም ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ስከፍት እታለም ቀደመችኝ።

"እኔ ነኝ እማ። ሙቀቱ ሲያስጨንቀኝ ፈታሁት።"

 ያ ሁሉ አፍ ያለው ሰውዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል። እታለም በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ደጃችን ላይ ትንሽ ሱቅ ትነግዳለች። ፒካፑን አሠርቼ አዲስ ቀበቶ አስገጥሜበታለሁ፤ ለክትትል ጎንደር ስወስዳት መጀመሪያ የእሷን ቀበቶ፣ ቀጥሎ የኔን እቆልፋለሁ፤ ወገቧ ስለማይይዛት ካልታሰረች መታጠፊያ ላይ ትወድቃለች። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ፣ እውነት ነው።

ይህን ታሪክ አፍኜው ልሞት ነበር። እንዳወጣው ያደረገኝ አንድ ሾፌር ነው። ያኔ ቀበቶ መቁረጥ ካስተማርኳቸው አንዱ ነው፤ ጀሪካኑ ዛሬም በዚያው ቀበቶ ነው የታሰረው። በቅርቡ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ጋቢና አስቀምጦ ሲያልፍ አየሁትና አስቁሜ ለመንኩት። ሳቀብኝ።

"ያንተ እህት መቼ ቀበቶ አጥታ? ራሷ ፈትታ እኮ ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቃል" አለኝ።

እታለም ለእኔ ብላ የዋሸችው ውሸት አገር ዞሮ የሰው ሚስትና ልጅ ያለ ቀበቶ እየጫነ ነው። ያን ቀን ቤት ገብቼ እታለምን፣ ለእማ ልነግራት ነው አልኳት። እቃ እየደረደረች ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

"እኔ የሸፈንኩት ላንተ ብዬ መሰለህ? እማ በአንድ ቀን ሁለት ልጅ እንዳታጣ ብዬ ነው። ከቻልክ ንገራት።"

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጋቢና ስትገቡ እጃችሁን ወደ ትከሻችሁ ስደዱ። ካጣችሁት ውረዱ። ሾፌሩ ቢቆጣ፣ ቢስቅባችሁ፣ ከየት መጥታችሁ ነው ቢላችሁ ውረዱ። ሾፌሮችም፣ ፖሊስ ሲያይ ብቻ የምትቆልፉት፣ ጎማ ኬላ መርጦ አይፈነዳም። ውሃችሁን በገመድ እሰሩት፤ ገመዱ ቢበጠስ የሚፈሰው ውሃ ነው።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋውን፣ ጀሪካኑን፣ ጣርሃውን፣ ደረቴ ላይ የነበረውን ጥቁር መስመር። ስትሰማኝ መቁጠሪያዋን ይዛ ነበር፤ ጣቷ ቆመ። ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልረገመችኝም። ያልገባት ነገር ያለ ይመስል ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ውሃውን አስረህ ልጄን ፈታኻት?"